የሰው አገር ገበያ ስንት ዋለ

ሁለተኛዋ ልጄ ፓስፖርት ያወጣችው ሥራ ፈልጋ ባጣችበት ክረምት ነው። በአካውንቲንግ ተመርቃ ከመጣች ወዲህ በከተማችን በመርሳ ያላመለከተችበት ቢሮ አልነበረም። በመጨረሻ አንድ ደላላ ፍልሰታ ሲፈታ ዓረብ አገር ሊሰዳት ተስማማ። ታላቅ እህቷን ቤሩት የላካትም እሱው ነው። ያን ጊዜ መናኸሪያ ድረስ ሄጄ ሸኘኋት፤ መኪናው በወልድያ አቅጣጫ ሳይሆን በውርጌሳ በኩል ወደ አዲስ አበባ ዞረ፤ ከዚያ ወዲህ የማውቀው ድምፅዋን ነው። ድምፅዋ ስላለ ተመስገን እላለሁ። ግን ሁለተኛዋን ደግሞ እዚያው ቦታ ቆሜ የምሸኝበት ጉልበት አልነበረኝም። ለባሌ አልነገርኩትም። ለእመቤቴ ለማርያም ነው የነገርኳት።

ፍልሰታ በገባ በሳምንቱ ከሁለተኛዋ ልጄ ጋር የተማረች ጓደኛዋ ከአዲስ አበባ ደወለችላት። ስለ አክሲዮን ለሰው ትምህርት የሚሰጥ አንድ ትንሽ ቢሮ ሠራተኛ ይፈልጋል። የሚፈልገው የውጭ አገር ኩባንያዎችን የአክሲዮን ዋጋ የሚሰበስብለት ሰው ነው። መጀመሪያ ግን መፈተኛ ሥራ ይሰጣል፦ የኩባንያዎች ስም ተጽፎ ይላካል፤ የእያንዳንዳቸው ዋጋ ከ2011 መስከረም እስከ 2016 ሰኔ በየቀኑ ስንት እንደነበረ በሠንጠረዥ ተሞልቶ ዓርብ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት መድረስ አለበት። ከወደዱት ሥራው የእሷ ነው።

«ከየት ሆነሽ ነው የምትሠሪው?» አልኳት።

«ኢንተርኔት ካለበት ከየትም።»

«ከመርሳም?»

«ከመርሳም፣ እማዬ።»

ከዚያ በላይ አልጠየቅኋትም።

በዚያ ሰሞን መርሳ ላይ የስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። ወልድያ ግን በገመድ የሚሠራ ኢንተርኔት ያላቸው ጥቂት ቤቶች ነበሩ። ረቡዕ ጠዋት ላፕቶፗን በነጠላዬ ጠቅልዬ ይዤ አብሬያት ተሳፈርኩ። ብቻዋን መሄድ ታውቃለች። እኔ ነኝ ብቻዬን ቤት መቀመጥ ያቃተኝ። ስሪንቃን አልፈን ወልድያ እስክንገባ እሷ የሠንጠረዡን ቀመር በከንፈሯ ትደግማለች፣ እኔ ውዳሴ ማርያሜን።

የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት ወፈር ያለ፣ ሳቂታ ሰው ነው። ለእኔ ወንበር አመጣልኝና ልጄ አጠገብ አስቀመጠኝ።

«እናታችን፣ ልጅዎ የውጭ ባለሀብት ልትሆን ነው? አክሲዮን ልትገዛ ነው?»

«ዋጋ እየጠየቀች ነው» አልኩት።

«ሳትገዛ?»

«አባቴም ሳይገዛ ይጠይቅ ነበር።»

ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት ነው። እኔ ግን የእውነቴን ነበር።

የአባቴ ቤት ከግራና ገበያ የሚመለስ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ነበር። በገበያ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ አባቴ እንስራ ውሃ በራችን ላይ ያስቀምጣል። እኔ ቅል ይዤ እቀዳለሁ። የሚመለስ ሁሉ ይጠጣል፤ ከጠጣ በኋላ አባቴ ይጠይቃል። «ማሽላ ስንት ዋለ? ጤፍስ? ፍየልስ ተፈለገ?» ሳይጠጣ የሚጠየቅ ሰው ይቸኩላል፣ የቸኮለ ደግሞ ያልሆነ ዋጋ ይናገራል ይል ነበር። የአንዱንም ቃል ብቻውን አያምንም። የሸጠ ያሳንሳል፣ የገዛ ያስወድዳል። ሁሉንም ጠይቆ መሐሉን ይይዛል፤ በሚቀጥለው ሳምንት እህል ይውረድ አይውረድ የሚወስነው በዚያ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ማታ ወደ እኛ ቤት የሚመጣው ዋጋ ለመስማት ነበር።

አንዲት ፍየል ነጋዴ እስላም ጎረቤታችን ነበረች። አንድ ቀን ውሃውን ጨርሳ፣ ቅሉን ለእኔ መልሳ እንዲህ አለችው።

«አንቱ ደግሞ፣ ገበያ ሳይወርዱ ገበያውን በአንድ ቅል ውሃ ጠቅልለው ገዙት እኮ።»

«አንቺስ ለውሃው ብለሽ አይደል በዚህ የዞርሽው?»

«ውሃውስ አልሐምዱሊላህ ቀዝቃዛ ነው። ጥያቄው ነው የበዛው።»

ከዚያ ዋጋውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገረችው። እሷ ትክክለኛውን ስለምትናገር አባቴ ሁልጊዜ ድጋሚ ያስቀዳላት ነበር።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ የልጄ ስክሪን ነው። በአንድ ረድፍ ኩባንያዎቹ በገበያ የሚጠሩበትን አጭር ምልክት ከግራ ወደ ቀኝ ደረደረች። ከላይ በአንድ ሳጥን መነሻውን ቀን፣ ቀጥሎ ባለው መድረሻውን ቀን ጻፈች። ከዚያ ዋጋውን ከኢንተርኔት የሚያመጣ አንድ ቀመር ጻፈች፤ አንድ ብቻ። ያንን ይዛ ወደ ጎን ጎተተችው። ሳጥኖቹ ሁሉ መጀመሪያ «በመጫን ላይ» አሉ። ትንሽ ቆየና ቁጥሮቹ መጡ። አመጣጣቸው ወፍ የማሽላ ማሳ ላይ ሲያርፍ ነው የመሰለኝ፤ አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይከተላል፣ ሳታዪው ማሳው ሁሉ ይሞላል።

«ይህ ምኑ ነው?» አልኳት።

«የመዝጊያ ዋጋ ይባላል። ገበያው ሲዘጋ አክሲዮኑ የነበረበት ዋጋ።»

«ስንት ዋለ ማለት ነዋ።»

ዞር ብላ አየችኝ። «አዎ። ስንት ዋለ ማለት ነው።»

አባቴ ይህን ቢያይ ምን ይል እንደነበር እንጃ። ምናልባት ውሃ ሳይጠጡ የተናገሩትን አላምንም ይል ይሆናል። ልጄም ብትሆን ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትጠይቀውም። በአንዴ ብዙ ከጠየቁት እምቢ ይላል አለችኝ። ጥቂት ጥቂት ኩባንያ እየመደበች፣ የመጣውን እየጠበቀች ትቀጥላለች። እኔም በልቤ ቅሉን ይዤ እየቀዳሁ ነበር።

ቀኖቹን ስመለከት መዝለላቸውን አየሁ። ከዓርብ ቀጥሎ የሚመጣው ሰኞ ነው።

«ቅዳሜና እሑድ የት ሄዱ?»

«ዝግ ነው፣ እማዬ። አይገበዩም።»

«ሁለቱንም ሰንበት ያከብራሉ?»

ሳቋ አመለጣት። ባለቤቱም ከጠረጴዛው ሆኖ ሳቀ። «እንግዲያው ደግ ሰዎች ናቸው» አልኩ። እስካሁንም እንደዚያ ነው የማስባቸው።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሠንጠረዡ ሞላ። ጥቂት ኩባንያዎች ብቻ የመጀመሪያ ዓመታቸው ባዶ ነበር። «እነዚህ ያን ጊዜ ገና አልተወለዱም» አለችና አለፈቻቸው። ሐሙስ ቤት ሆና አሳምራ፣ ዓርብ ጠዋት ሄዳ ልትልከው ነበር ሐሳቧ። ስንመለስ በመኪናው ውስጥ ትከሻዬ ላይ ተኛች። ትልቅ ልጅ ናት፤ ከባዳ ናት። እስክንደርስ አልተንቀሳቀስኩም።

ባሌ የአይሱዙ ሹፌር ነው። ማታ ገበታ ላይ ሽሮውን እየጠቀለለ ይቀልድባት ጀመር።

«ልጄ ሙሉ ቀን ገበያ ውላ አንድ ራስ ሽንኩርት እንኳ አልያዘችም።»

«ያንተስ አይሱዙ ከደሴ ባዶውን አይደል የመጣው፣ አባዬ?»

«እኔ ሲመለስ ነው ባዶ። አንቺ ሲኬድም ሲመለስም።»

ሳቁ። ፓስፖርቱ ቁም ሳጥኑ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ማናችንም አላነሳነውም።

ሐሙስን ስታሳምር ዋለች። ዓርብ ጠዋት ልብሷን ለብሳ፣ ለመውጣት ስትዘጋጅ ነው እኔ የጠየቅኋት። ሌሊቱን ስለ ታላቅ ልጄ ሳስብ ነው ያደርኩት። በኮሮናው ፋሲካ እኛ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ውጭ ቆመን ስንጸልይ፣ እሷ ቤሩት ከሥራ ተባርራ ድምፅዋ ጠፍቶብን ነበር። አሠሪዎቿ ገንዘብ የለንም ብለው እንዳባረሯት ኋላ ሰማን። እውነት ይሁን ውሸት ማወቅ ፈለግሁ። ዓለም ሁሉ ደንግጦ እንደነበር ማየት ፈለግሁ።

«ያ ጊዜ እዚያ ሠንጠረዥሽ ላይ አለ? የኮሮናው ፋሲካ?»

«አለ እንጂ። 2012 ሚያዝያ። ያን ጊዜ ገበያው ሁሉ ወድቆ ነበር፤ ቆይ ላሳይሽ።»

ላፕቶፗን ከፈተች። ወደ ታች ወረደች። 2012ን አገኘች። መጋቢትን አየች፣ ሚያዝያን አየች፣ ሌላ ኩባንያ አየች፣ ሌላም። ቁጥሮቹ ምንም አልሆኑም። እንዲያውም የብዙዎቹ ከፍ ብሏል።

«አልወደቀም?» አልኳት።

ግድግዳው ላይ ያለውን የቤተ ክርስቲያን ቀን መቁጠሪያ ቀና ብላ አየች፤ የእኛውም የፈረንጁም ዓመት አለበት። ከዚያ ፊቷ ተለዋወጠ።

«እማዬ፣ ኮሮና በነሱ 2020 ነው። የኔ ሠንጠረዥ 2016 ላይ ያልቃል።»

ገባኝ። ቢሮው ትእዛዙን የጻፈው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ በአማርኛ የጻፈ ሰው በእኛ ይጽፋል። እሷም ወሩንና ቀኑን ወደ ፈረንጅ ስትለውጥ ዓመቱን ግን እንዳለ አስገባችው። ሠንጠረዡ ደግሞ አላረማትም። 2011 ስትለው የነሱን 2011 አምጥቶ ሞላላት። ስሕተት ነው የሚል አንድም ሳጥን አልነበረም። ያልተወለዱ ያለቻቸውም ኩባንያዎች ቢሮው በጠየቀው ዓመት ተወልደው ነበር።

ቁጭ ብላ ማልቀስ ጀመረች። ድምፅ የለውም፤ እንባው ብቻ ይወርዳል።

«ተዪው በቃ» አለች። «ያልታደልኩትን። ደላላውም እየጠበቀኝ ነው።»

«ተነሺ» አልኳት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

መኪና ቶሎ አልሞላም። ወልድያ ስንደርስ ስድስት ሰዓት አልፏል። የኢንተርኔት ቤቱ ተዘግቷል። ጎረቤቱ ያለ ሱቅ ጠየቅን።

«ቅዳሴ ሄዷል። በፍልሰታ በዚህ ሰዓት አይገኝም።»

«መቼ ይመለሳል?»

«አስቀድሶ ሲጨርስ ነዋ የሚመለሰው።»

ሌሎቹም ቤቶች ዝግ ነበሩ። ልጄ መንገዱ መሐል ቆመች። ዓይኗ ስልኳ ላይ ነው፤ ሰዓት ታያለች። እኔ ነጠላዬን አጣፋሁ።

«እኛም እንግባ።»

«እማዬ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው።»

«እኛስ ምን እናደርጋለን? ቁልፉ ያለው ቤተ ክርስቲያን ነው።»

ገባን። ሴቶቹ መሐል ቆምን። ልጄ አጠገቤ ናት፤ ላፕቶፗን በነጠላዋ ሥር አቅፋዋለች። እኔ ያን ቀን እመቤቴን ሥራውን ስጪያት ብዬ አልለመንኩም። ልለምን ነበር፤ አፌ ላይ ሌላ መጣ። የመጀመሪያዋን እዚያ ጠብቀሽልኛል፣ አመሰግናለሁ አልኩ። ይህቺንም የትም ብትሆን አደራ አልኩ። ያን ካልኩ በኋላ ልቤ ረጋ። ልጄም ስልኳን ማየት ተወች። ከተመረቀች ወዲህ ቅዳሴ አብረን ቆመን እስከ መጨረሻው አልሰማንም ነበር።

ሲያልቅ ባለቤቱ ነጠላውን አጣፍቶ ከወንዶቹ በኩል ወጣ። ገና ሲያያት ፈገግ አለ።

«የገበያዋ ልጅ። ዛሬም ስንት ዋለ ልትዪ ነው?»

ነገረችው። ፈገግታው ጠፋና እርምጃውን አፈጠነ። እኔ ከኋላ ቀረሁ፤ ሲቀድሙኝ ደስ አለኝ።

ስደርስ ከፍቶላታል። ወዲያው ደግሞ ኳስ የሚያዩ ሁለት ጎረምሶች ገብተው ተቀምጠዋል። ኔትወርኩ ደካማ ነበር። እሷ ፊቷን ወደ እኔ ሳታዞር «አንድ ሳጥን ነው የምቀይረው» አለችኝ። ቀመሮቹን ሁሉ ያንን ከላይ ያለውን ቀን እንዲያዩ አድርጋ ነበር ለካ ያዘጋጀቻቸው። ሁለቱን ቀኖች ብቻ ካረመች ሁሉም በራሱ ይታረማል። መነሻውን 2018 አለችው፣ መድረሻውን 2024።

ቁጥሮቹ ሁሉ ብድግ ብለው ጠፉ። ሳጥኑ በሙሉ «በመጫን ላይ» ሆነ። እንደዚያው ቆየ።

ባለቤቱ ወደ ጎረምሶቹ ዞረ። «እናንተ፣ ያን ኳስ ለጥቂት ጊዜ ተዉት። መስመሩን ሁሉ በላችሁት።»

«ጎል ሊገባ ነው እኮ ጋሼ።»

«በጾም ጎል አይገባም። ዝጉት።»

እያጉረመረሙ ዘጉት። አንዱ ተነሥቶ መጥቶ ከልጄ ኋላ ቆመና «ይሄ ለምን አይሞላም?» ይላት ጀመር። «ካየኸው አይሞላም፤ እንደሚፈላ ወተት ነው» አለችው። ቀልዷን ስሰማ ዳነች አልኩ።

ከዚያ ማረፍ ጀመሩ። አንድ ዓምድ፣ ቀጥሎ ሌላ። ባዶ የነበሩትም ኩባንያዎች ሞሉ። ከላይ ወደ ታች እየተመለከተች ስትወርድ አንድ ቦታ ላይ ጣቷን አቆመች።

«ይኸውና፣ እማዬ። መጋቢት ላይ። አየሽው? ሁሉም ወደቀ።»

አየሁ። ቁጥር አንባቢ አይደለሁም፤ ግን ያንን ለማየት ማንበብ አያስፈልግም። ትልልቁም ትንሹም አብሮ ወርዷል። ያ የፋሲካው ሰሞን ነው። እኛ አጥሩ ሥር፣ እሷ ቤሩት፣ እነሱም እዚያ በየገበያቸው። ታላቅ ልጄን ያባረሯትን ሰዎች እስከዚያ ቀን ድረስ በልቤ ይዤባቸው ነበር።

«ከዚያስ?» አልኳት።

«ከዚያ ቀስ እያለ ተነሣ። እይው፣ ክረምት ላይ ተመልሷል።»

ልክ ነው። የታላቋ ልጄም ድምፅ የተመለሰው ያን ክረምት ነው።

ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት ላከችው። ባለቤቱ ሒሳብ አልቀበልም አለ፤ እኔም በግድ አስቀመጥኩለት። ባሌ ከሐራ ሲመለስ ወልድያ ላይ አግኝቶን በአይሱዙው ወሰደን። ነገሩን ስንነግረው ማርሽ ቀየረና «እኔ መቼም ሰባት ዓመት ተሳስቼ ጭነት ብወስድ ሽንኩርቱ ምን ይሆን ነበር?» አለ። ልጄ እስክትታነቅ ሳቀች።

የስልኩ ጥሪ የመጣው ፍልሰታ ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። እኔ ጓዳ ነበርኩ። የእሷን ድምፅ ብቻ ነው የምሰማው። «እሺ» አለች። «እሺ። አዎ፣ ገብቶኛል።» ከዚያ ቀስ ብላ «ከመርሳ ሆኜ?» ስትል ሰማሁ። እጄ ሊጡ ውስጥ ነበር፤ አላወጣሁትም።

መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«በሳምንት ሁለት ቀን ወልድያ እየሄድኩ፣ ሌላውን ቤት ሆኜ። ኢንተርኔቱ እስኪመለስ።»

«ለደላላው ማን ይንገረው?» አልኳት።

«ነገርኩት» አለች። «መጀመሪያ የደወልኩት ለሱ ነው።»

ያ ዓመት የማልረሳው ዓመት ነው። ከእኔ ጋር ቡና ጠጥታ ላፕቶፗን ትከፍታለች፤ እኔ ሥራዬን ስሠራ እሷ የሰው አገር ገበያ ትጠይቃለች፤ አንዳንዴ ጠርታ «እማዬ፣ ይሄኛው ዛሬ ክፉ ዋለ» ትለኛለች። ስለማላውቀው ኩባንያ አዝኛለሁ ማለት ያሳፍራል፤ ግን አዝኛለሁ። አሁን ቢሮው አዲስ አበባ ወስዷት እዚያ ትኖራለች። በመኪና ተሳፍሬ የምደርስባት ናት። ክፍሏ እንደነበረ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ የሽንብራ ክክ አሰጣበታለሁ።

ከሁሉ የሚመጣብኝ ግን ከጥሪው በኋላ ያለው የመጀመሪያው ማክሰኞ ነው። ፍልሰታ ተፈቷል። ወልድያ ለሥራ ልትሄድ ነበር፤ ልሸኝሽ አልኳት፣ «ምን ያደርጋል?» አለች፣ ሸኘኋት። መናኸሪያው ያው ነው። ረዳቶቹ ይጮኻሉ፤ አንዲት እናት በውርጌሳ በኩል ለሚሄደው መኪና ሻንጣ ታቀብላለች፣ ልጇ በመስኮት በኩል ታቅፋታለች። እኔ ዓይኔን መለስኩ። የእኔዋ የወልድያው ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጣለች፣ ላፕቶፗ ጭኗ ላይ ነው።

«ለራት ምን ልሥራ?» አልኳት በመስኮቱ።

«የፈለግሽውን። ግን አትጠብቂኝ፤ አሥራ ሁለት ሰዓት እደርሳለሁ።»

መኪናው ወጣ። እጄን አላውለበለብኩም። ለራት ለምትመለስ ልጅ እጅ አይውለበለብም።